ከሥራ ሰዓት በኋላ፤ አሮጌ መኪናን በገዛ ግቢ ስለ ማደስ

መኪና የሚነዳ ሰው ብዙ ነው፤ መኪናን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት በመጀመሪያ የሚመኘው መሪ ጨብጦ በከተማ መንገድ መታየትን እንጂ ከኮፋኖው ሥር ያለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅን አይደለም። መኪናው በመንገድ ላይ የቆመ እንደ ሆነ ልብሱ እንዳይቆሽሽ ፈቀቅ ብሎ መካኒክ ይጠራል፤ የተጠየቀውን ይከፍላል፤ የተሠራውን ግን ሳያውቅ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ የተለየ መንገድ ስለ መረጡ ሰዎች፥ ይኸውም ከሥራ ሰዓት በኋላና በቅዳሜ በእሑድ በገዛ ግቢያቸው አሮጌ መኪና ፈትተው መልሰው ስለሚገጥሙ ሰዎች ነው።

ነገሩን ሲሰሙት የሀብታም ጨዋታ ይመስላል። በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ መኪና ማደስ ጊዜና ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች የሚዝናኑበት ሥራ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በእኛ አገር ግን ከጨዋታ ያለፈ ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ ማስመጣትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ በኤሌክትሪክ ለሚሠሩት በር ከፈተ። በወር ደመወዝ የሚኖር ወጣት ጸሐፊ ወይም መምህር አዲሱን መኪና በዐይኑ ብቻ አይቶ ያልፋል። በጎረቤቱ ግቢ በባሕር ዛፍ ሥር ዶሮ የሰፈረበት አሮጌ ቮልስ ግን አለ። እንግዲህ ጥያቄው ያ መኪና ለቁራሌው በኪሎ ይሸጥ ወይስ ይታደስ የሚል ነው።

ብረትና ክብር

እኔ በማስተምርበት በኩታበር ተቀምጦ ስለ ብረትና ስለ መንኰራኵር ማሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። ኩታበር ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ በደጋው ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚህ ተነሥቶ በተንታ በኩል ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው መቅደላን ያገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ላይ አለ። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው። ያን የሚያህል ብረት በሠረገላ ጭኖ የጅዳንና የበሽሎን ገደል አሻግሮ በ1860 ዓ.ም. ከአምባው ለማድረስ አስቀድሞ መንገዱን ከዐለት ላይ መፈልፈል አስፈልጎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በጊዜው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈውታል።

ንጉሡ በእጃቸው ቢሠሩም ሕዝቡ ለእጅ ሥራ የነበረው አስተያየት ሌላ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ ይባል ነበር። ማረሻውንና ማጭዱን ከእርሱ እጅ የሚቀበለው ገበሬ ልጁን አይድርለትም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን አይተው በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ ሰዎች በሥራቸው እንዳይሰደቡ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አወጡ። የሚያስደንቀውም በዚያው በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ኦቶሞቢሎች አዲስ አበባ መግባታቸው ነው። አንዱን እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ፥ ሌላውን ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ነድተው አመጡ። አዋጁና መኪናው በአንድ ዓመት መጡ ማለት ነው። መኪናው ቶሎ ተለመደ፤ አዋጁ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በልባችን ሙሉ በሙሉ አልገባም።

ለዚህ ምስክር መጥራት አያስፈልገኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጄ በዘይት ጠቁሮ ከባልደረባዬ ግቢ ስወጣ የአንድ ተማሪዬ አባት መንገድ ላይ አገኙኝ። ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝና በእውነተኛ ኀዘን፥ «መምህር፥ ምን ገጠመዎት? ደመወዝ አልወጣም እንዴ?» አሉኝ። የተማረ ሰው ወዶ እጁን ያቆሽሻል ብለው ለማሰብ አልቻሉም። እኛ ተምረናል የምንለውም ብንሆን አፋችን ይለያል እንጂ ልባችን ከእርሳቸው ልብ ብዙም የራቀ አይመስለኝም።

የሕዝብ መኪና

በአገራችን በየግቢው ከቆሙት አሮጌ መኪናዎች መካከል ለጀማሪ የሚስማማው ቮልስዋገን ነው። ስሙ በጀርመን ቋንቋ የሕዝብ መኪና ማለት ሲሆን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ፋብሪካው በሂትለር ዘመን እ.ኤ.አ. በ1938 ተመሠረተ። ነገር ግን ወዲያው ጦርነት ስለ ተነሣ መኪናው ለሕዝብ ሳይደርስ ቀረ፤ ፋብሪካውም ለጦር ሠራዊት ሲሠራ ቆይቶ በቦምብ ፈራረሰ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ኢቫን ሂርስት የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኰንን ፍርስራሹን አስጠርጎ ሥራውን እንደ ገና አስጀመረ። እ.ኤ.አ. 1945 ከማለቁ በፊትም 1,785 መኪናዎች ተሠርተው ወጡ። እንግዲህ ቮልስ ራሱ ከፍርስራሽ የታደሰ መኪና ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1972 15,007,034ኛው ሲወጣ የፎርድን ሞዴል ቲ ቁጥር አለፈ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ የመጨረሻው ሲሠራ ጠቅላላ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር።

በኢትዮጵያ ታሪክም ቮልስ የራሱ ቦታ አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት በመጨረሻ የተሳፈሩባት መኪና የአንድ ተራ ጸሐፊ መኪና ሆነች። ሐረር ፔጆ 404ን ይዛ እንደ ቀረች ሁሉ አዲስ አበባም ቮልስን አልተወችም፤ ቀለሙን አሳምረው፥ ወንበሩን አዲስ ቆዳ አልብሰው የሚይዙት ወጣቶች ዛሬ ብዙዎች ናቸው።

ይህ ፍቅር ያለ ምክንያት አልመጣም። የቮልስ ሞተር ከኋላ ሆኖ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎኖች ብቻ ነው። አራቱም በ17 ቁልፍ ይፈታሉ። ሲሊንደሮቹ እያንዳንዳቸው ለብቻ የሚወጡ ስለ ሆኑ ያረጀውን ከነፒስቶኑ አውጥቶ አዲስ ማስገባት ይቻላል። የጭቃ መከላከያዎቹም በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ አንዱ ቢጨፈለቅ ሌላውን ሳይነኩ ይለወጣል። ባጭሩ መኪናው ተፈትቶ እንዲገጠም ሆኖ የተሠራ ነው።

ደጋውና ሞተሩ

ደሴም ኩታበርም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብለው የሚገኙ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ጋር ሲመዛዘን ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይጎድለዋል። ሞተር እንደ ሰው የሚተነፍስ ነገር ነውና በባሕር ዳርቻ 34 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው የቮልስ 1200 ሞተር እዚህ ደጋ ላይ 27 ያህል ብቻ ይቀረዋል። ቤንዚኑ ግን በቀድሞው ልክ ስለሚገባ ለአየሩ ይበዛበታል። ከዚህ የተነሣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ መኪናውም ቤንዚን ይፈጃል። መድኀኒቱ በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ ጠበብ ባለች መለወጥ ነው። በዚህች በአንዲት ትንሽ ዕቃ ምክንያት ሞተሩ አረጀ ተብሎ የተጣለ መኪና አለ።

በሌላ በኩል ደጋው ለቮልስ ይመቸዋል። በዚህ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ራዲያተሩ በደንብ የማይከደን አሮጌ መኪና ዳገት ላይ እንፋሎት እያወጣ ይቆማል። ቮልስ ግን ራዲያተርም ውሃም የለውም፤ የሚበርደው በነፋስ ነው። ነፋሱን የሚያመጣውን ማራገቢያ የሚያዞረው ቺንጊያ ዲናሞውንም የሚያዞር ስለ ሆነ ቺንጊያው ሲበጠስ በሾፌሩ ፊት ቀይ መብራት ይበራል። ይህ መብራት የባትሪ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መንዳቱን የቀጠለ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። የሚያውቅ ሰው ግን ወዲያው ዳር ይዞ ያቆማል፤ ትርፍ ቺንጊያም ከመቀመጫው ሥር አያጣም።

ሥራው በየተራው

እኔና አንድ የፊዚክስ መምህር የሆነ ባልደረባዬ የምናድሰው መኪና አባቱ በደሴ በጸሐፊነት ሲሠሩ ከሌላ ሰው እጅ የገዙት ቮልስ 1200 ነው። እርሳቸው ካረፉ በኋላ መኪናው ለብዙ ዓመት በግቢው ቆሞ ቀረ። የምንሠራው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ከዚህ ሥራ የተማርነውን ለአንባቢ በየተራው እገልጻለሁ።

መጀመሪያ የሚታየው ወረቀቱ ነው። ሊብሬ የሌለው መኪና ቢታደስም መንገድ ላይ አይወጣም። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር በኋላ መቀመጫው ሥር ከተቀረጸው ቁጥር ጋር መስማማቱን ሳያረጋግጡ አንድ ብር ማውጣት አይገባም።

ሁለተኛው ዝገቱ ነው። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫው ሥር የተቀመጠ ስለ ሆነ የሚንጠባጠበው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን እያደረጉ መሞከር ነው፤ ካቻቢቴው ከገባ ብረቱ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። ዝገትን በስቱኮ መሸፈን ቁስልን ሳያጥቡ በጨርቅ እንደ መጠቅለል ነው። ይህን ሥራ እኛ ራሳችን አልሠራነውም፤ ለባትላሜራ ሰጠነው። በቤት የሚሠራ ሰው የራሱን ችሎታ ወሰን ማወቅም ይገባዋል።

ሦስተኛው ፍሬኑ ነው። ብዙ ሰው ከሞተሩ ይጀምራል፤ የሞተር ድምፅ ደስ ያሰኛልና። ነገር ግን የማይነሣ መኪና ማንንም አይገድልም፤ የማይቆም መኪና ግን ይገድላል። በአሮጌው ቮልስ የፍሬኑ ዘይት የሚሄድበት መስመር አንድ ብቻ ስለ ሆነ አንድ ጎማ ጋ ያለ የላስቲክ ቧንቧ ቢፈነዳ የአራቱም ጎማ ፍሬን ይጠፋል። ስለዚህ ከቆመ መኪና ላይ የተገኘ የላስቲክ ቧንቧ ደኅና መስሎ ቢታይም መጣል አለበት።

አራተኛው ሞተሩ ነው። የቤንዚኑ ቧንቧ፥ የነዳጁ መስጫ ገመድና የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ከተለያዩ በኋላ አራቱ ብሎኖች ይፈታሉ። ሞተሩ ከ100 ኪሎ የሚያልፍ ስለ ሆነ በክሪክና በጣውላ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር በፍጹም አይገባም። ወፍራም የእንጨት ጉማጅ በአራቱም ማእዘን ሳይደገፍ እጅ እንኳ ማስገባት እብደት ነው።

ሲፈታ እያንዳንዱ ብሎንና ዳዶ በየቆርቆሮው ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ከየት እንደ ወጣም በደብተር ይጻፋል። ባልደረባዬ ከመፍታቱ በፊት ሁሉንም በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣል። በዘመኑ የጭነት መኪና ሲጠግኑ የኖሩና አሁን በደሴ በጡረታ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አንዳንድ እሑድ መጥተው ሥራችንን ያዩልናል። ደብተራችንን አይተው ሳቁና፥ «ልጄ፥ ጥሩ ነው፤ ጻፈው። ብሎን ተረፈኝ ብለህ ግን እንዳትደሰት። የተረፈህን ብሎን መኪናው አንድ ቀን ዳገት ላይ ይጠይቅሃል» አሉኝ።

ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ዐይን የሚያየው እርሱ ስለ ሆነ ሁሉም ከእርሱ ሊጀምር ይወዳል፤ ነገር ግን ፍሬን የሌለው ያማረ መኪና ከጌጥ አያልፍም።

የጋራዥ ቋንቋ

እኒህ ሽማግሌ ዕውቀታቸውን በመጽሐፍ አላገኙትም። ልጅ ሆነው በጋራዥ ውስጥ መሣሪያ በማቀበል ጀምረው፥ በኋላ ኤንትሬ በሚባለው የፊያት ጭነት መኪና ላይ ብዙ ዓመት ሠሩ። ቋንቋቸውም የሚገርም ነው። ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ካንዴላ፥ ቴስታታ፥ ማርሚታ፥ ፍሬቻ፥ ሞተሪኖ፥ ጎሚስታ፥ ካቻቢቴ፤ ይህ ሁሉ የጣልያን ቃል ነው። ጣልያን አምስት ዓመት ገዝቶ ሄደ፤ መንገዱና የጋራዡ ቃል ግን ቀሩ። ዛሬ የጣልያን አገር የት እንዳለ የማያውቅ የጋራዥ ልጅ እነዚህን ቃላት እንደ አማርኛ ይናገራቸዋል፤ እውነትም አማርኛ ሆነዋል።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች እያረፉ ነው። ካርቡራቶርን በጆሮ ብቻ አዳምጦ የሚያስተካክል ሰው ሲሞት ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል፤ የጻፈው ነገር የለምና። አዲሱ መካኒክ በኮምፒዩተር የተሰበረውን ያገኛል፤ ያን መናቅ አይገባም። ነገር ግን አሮጌው ዕውቀት ከአዲሱ ጋር ሳይገናኝ ከጠፋ መሰላሉ መካከሉ ተሰብሯል ማለት ነው። ተማሪና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ መጻፍ የሚያውቁ ናቸው። አንድ ሽማግሌ መካኒክ አጠገብ ተቀምጠው የሚናገሩትን በደብተር ቢያሰፍሩ ለአገር የሚተርፍ ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

ጣራውና መኪናው

ስለ ገንዘብ ሳይነገር ይህን ነገር ማመስገን ሐሰት ይሆናል። የመለዋወጫ ዕቃ ከደሴ ከታጣ ከአዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ የጥንት ዕቃ ስለ ሆነም ሻጩ ዋጋውን እንደ ፈላጊው ፊት ይቈርጠዋል። እኛ ሥራውን በጀመርንበት ክረምት የባልደረባዬ እናት ሲሠሩ የሚያዩን በዝምታ ነበር። አንድ ምሽት ዝናቡ ሲበረታ ከቤት ወጥተው፥ «ልጆቼ፥ ቆርቆሮው እየተንጠባጠበ እኔ ባሕር ውስጥ እተኛለሁ፤ እናንተ ለማይነሣ ብረት ፒስቶን ልትገዙ ነው? አባታችሁ ቢኖር ይህን ይወድ ነበር?» አሉ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረም። በእጃችን የነበረው ለፒስቶንና ለሲሊንደር የተጠራቀመ ገንዘብ ብቻ ነበር። በማግስቱ ባልደረባዬ ደሴ ወርዶ በዚያው ገንዘብ ቆርቆሮና ምስማር ገዝቶ ተመለሰ። ጣራውን የከደንነው ራሳችን ነን፤ ብሎን መፍታት የለመደ እጅ ምስማር መምታት አላቃተውም። የመኪናው ሥራ አራት ወር ዘገየ። ከዚያ ወዲህ የማይሻር ደንብ አወጣን፤ ለመኪናው የሚውለው ከቤት አስቤዛ፥ ከቤት ኪራይና ለወላጅ ከሚሰጠው በኋላ የተረፈው ብቻ ነው። በአንዳንድ ወር የሚተርፈው ለአንድ ጓርኒሲዮን እንኳ አይበቃም። በዚያ ወር ዝገት መፋቅ ነው፤ ዝገት መፋቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

እናቲቱም ደንቡን ሲሰሙ በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ። «እሺ፤ ለዶሮዎቼስ ቤት ማን ይሠራል?» አሉ። ዶሮዎቹ የኖሩት በቮልሱ ውስጥ ነበርና የዶሮ ቤትም ሠራን።

ዛሬ ያ መኪና በየት ደረጃ ላይ ነው ቢባል፥ ሞተሩ ይነሣል፤ ፍሬኑ ይይዛል፤ የወለሉ ብየዳ አልቋል። ቀለም አልተቀባም፤ የፊት መብራቶቹም ገና ናቸው። ቦሎ ስላልወጣለት ከግቢው አይወጣም። ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በተነሣበት ቅዳሜ እናቲቱ ከማድ ቤት ወጥተው ቆመው አዳመጡ። ድምፁን ያውቁታል፤ ባለቤታቸው ከደሴ ሲመለሱ ከሩቅ የሚሰሙት እርሱን ነበር። ምንም አልተናገሩም፤ ቡና እንዲቀርብልን ብቻ አዘዙ።

ለአንባቢ

እንግዲህ ይህን ያነበበ ሁሉ አሮጌ ቮልስ ይፈልግ ማለቴ አይደለም። መኪና ሰፊ ቦታ፥ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይጠይቃል። ብስክሌት፥ ራዲዮ፥ የልብስ ስፌት መኪና፥ የቆመ የግድግዳ ሰዓትም ያንኑ ትምህርት ይሰጣሉ። ትምህርቱም ይህ ነው፤ አንድን ነገር ፈትቶ፥ የተበላሸበትን ምክንያት አግኝቶ፥ መልሶ የገጠመ ሰው ከዚያ በኋላ ማንኛውንም የተበላሸ ነገር በሌላ ዐይን ያያል። በመሥሪያ ቤት የተዘበራረቀ መዝገብ ቢሰጠው «የማን ጥፋት ነው?» ከማለቱ በፊት «የት ላይ ነው የቆመው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ በበኩሌ ተማሪዎቼን ስለ ሙቀትና ስለ አየር ግፊት በሚማሩበት ሰሞን ወደዚያ ግቢ ወስጄ ካርቡራቶሩን አሳይቻቸዋለሁ። ከጥቁር ሰሌዳ ሁለት ሳምንት ያልገባቸው ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ገባቸው።

መጀመር የሚፈልግ ሰው ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም። አንድ ካቻቢቴ፥ አንድ ፒንሳ፥ የ13 እና የ17 ቁልፍ፥ አራት ወፍራም ጉማጅ፥ አንድ ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። ከሁሉ በፊት ግን በሰፈሩ ያሉትን ሽማግሌ መካኒክ ፈልጎ ሰላም ይበላቸው፤ በጊዜው ይሂድ፤ የሚነግሩትንም ይጻፍ።